ከወንበዴ ሰፈር የሚመጣ ዜና እንዴት ይሰማል?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና የምጠጣበት ቤት ቴሌቪዥን አለ። ወንበዴ ያስቸገራት የካሪቢያን አገር ሄይቲ በተነሳች ቁጥር ልጆቹ ወደኔ ይዞራሉ፦ «ጋሼ፣ የተላኩት ኬንያዎች ወንበዴዎቹን ይችሏቸዋል?» የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ሆኜ፣ ሰማያዊ ቆብ አድርጌ ላይቤሪያ ስለከረምኩ ጠንቋይ መስያቸዋለሁ። ጠንቋይስ አይደለሁም፤ ግን እኔ ዜናውን ስሰማ ምን ምኑን እንደማይ ልንገራችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ።

መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ። የሄይቲ ዋና ከተማ የፖርት ኦ ፕሬንሷ ሲቴ ሶሌይ የቆርቆሮና የስስ ብሎኬት ሰፈር ናት። የኛን ሰፈር የጭቃ ቤቶች አስቡ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» እንላለን። ጥይት ደግሞ ከድምፅ ይልቅ ሰርሳሪ ነው። ጁላይ 2005 የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ድሬድ ዊልሜ የተባለውን የወንበዴ አለቃ ፍለጋ ገብተው ከ22,000 በላይ ጥይት ተኮሱ። አለቃው ሞተ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ቆስለው ሐኪም ቤት ገቡ። እና «አለቃው ተገደለ» ሲባል ለማጨብጨብ አትቸኩሉ፤ ከጀርባው ባለው ቤት ማን ነበር በሉ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ማታ እዚያ የሚያድረው ማን ነው? ቀን በብረት ለበስ ገብቶ፣ ሲመሽ ካምፑ የሚመለስ ጦር ምንም አልያዘም። ቀን ወታደሮቹ ያዋዩትን ሰው ሌሊት ወንበዴዎቹ ይመጡበታል። በማግሥቱ ሕፃን ልጅ እንኳ ሰላም አይላችሁም፤ ፊቱን ያዞራል። በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ የነበሩት ብራዚሎች ይሄ የገባቸው ቆይቶ ነው። በ2007 መጀመሪያ ሲቴ ሶሌይ ውስጥ «ሰማያዊ ቤት» የሚባለውን ሕንጻ ያዙና እዚያው አደሩ፤ ከዚያ እየተነሱ አካባቢውን አሰፉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአለቆቹ የተያዘው ተያዘ፣ የሸሸው ሸሸ።

ቁጥር ሲነገር ደግሞ ግሱን አዳምጡ፤ «ተፈቀደ» ነው ያለው ወይስ «ደረሰ»? ሠርግ የተጠራ ሁሉ ዳስ አይገባም። ኬንያ ትመራው የነበረው ኃይል 2,500 ይሆናል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ጁን 2024 ገቡ፤ ዓመት አልፎም ግማሹ እንኳ አልሞላም። ሴፕቴምበር 2025 ጸጥታው ምክር ቤት 5,550 ሰው ያለው ሌላ ኃይል ፈቀደ። ፈቀደ ነው ያልኩት።

የመጨረሻው የሚያስቅ ይመስላል፤ ሽንት ቤቱን ጠይቁ። ኦክቶበር 2010 ከሰላም አስከባሪዎች ካምፕ የወጣ ፍሳሽ ወንዝ ገብቶ ሄይቲ ላይ ኮሌራ አስነሳ፤ ወደ 10,000 ሰው ሞተ። ይሄን ያህል የገደለ ወንበዴ አላውቅም። ላይቤሪያ ሳለን ሻምበላችን ጉድጓዱን ከውኃው አርቃችሁ ቆፍሩ ብሎ ሲያዘን፣ በዚያ ሙቀት አካፋ ይዤ ምን ያላልኩት ነገር አለ።