የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ መዘግየትን ስንለካ የምንሳሳታቸው

የራሱ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ የሚመጣበት ዘፋኝ ምቱን ይስታል። ያን ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ ወደ ባፈሩ፣ ማለትም ድምፁ ከማለፉ በፊት በቁራጭ ወደሚጠራቀምበት ማቆያ ይሄድና ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። ስንት እንደዘገየ ግን አልለካንም።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የባፈሩን መጠን የመዘግየቱ ልክ አድርጎ መውሰድ ነው። ባፈሩ 128 ናሙና (ናሙና በአንድ ቅጽበት የተወሰደ የድምፅ ልክ ነው)፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 48,000 ናሙና ቢሆን፣ ሲካፈል 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ይህ የአንድ ባፈር ድርሻ ብቻ ነው። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ባፈር ይጠብቃል። ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን መልሶ ወደ ድምፅ የሚለውጡት ክፍሎችም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያሳየንን መጠባበቂያ ይጨምራል።

የመቅጃ ሶፍትዌሩ የሚጽፈውን የመዘግየት ቁጥር እንዳለ ማመንም ያሳስታል፤ ቁጥሩ ድራይቨሩ የነገረው ነውና። እርግጡን የሚናገረው ኬብል ነው። ከካርዱ የላይን መውጫ ወደ ላይን መግቢያው አንድ ኬብል ይሰኩ። አስቀድመው ግን ለማይክራፎን የሚላከውን የ48 ቮልት ኃይልና የገባውን ድምፅ በካርዱ ውስጥ በቀጥታ ወደ መውጫው የሚልከውን ቀጥታ ማዳመጫ ያጥፉ፤ አለበለዚያ ድምፁ በራሱ ላይ እየዞረ ሊጮህ ይችላል። የሜትሮኖም ምት እያጫወቱ በሌላ መስመር (ትራክ) ይቅዱት፤ ከዚያ ሞገዱን አጉልተው በዋናው ምትና በተቀዳው ምት መነሻ መካከል ያለውን ናሙና ይቁጠሩ። 480 ናሙና ከሆነ፣ በ48,000 ፍጥነት 10 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቁቁም ሰው ይወድቃል። አብዛኞቹ የመቅጃ ሶፍትዌሮች የተቀዳውን ድምፅ ድራይቨሩ በነገራቸው ልክ ወደ ኋላ ይስቡታል። ይህ ማካካሻ ሳይጠፋ ከለኩ ሁለቱ ሞገዶች ተደራርበው ይታዩና መዘግየት የሌለ ይመስላል፤ የለኩት ግን የድራይቨሩን ስህተት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥፍተው፣ ቀጥሎ አብርተው ይለኩ። ሲበራ የሚቀረውን ልዩነት በሶፍትዌሩ የመዘግየት ማስተካከያ ሣጥን በእጅ ይሙሉት።

በማይክራፎንና በድምፅ ማጉያ የሚለካ ሰው አየሩንም አብሮ ይለካል፦ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተውም አይበቃም። አንዳንድ ካርድ ተነቅሎ ሲሰካ ውጤቱ ይለወጣል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክሩ።

ባዶ ፕሮጀክት ላይ የ32 ናሙና ባፈር ሠራ ብሎ መደሰትም አያዛልቅም። ኢፌክቶቹ ሲጨመሩ ኮምፒውተሩ አይደርስም፤ ድምፁም መንጣጣትና መቆራረጥ ይጀምራል። ፍጥነቱን ወደ 96,000 ማሳደግ የባፈሩን ጊዜ በግማሽ ቢቀንስም፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትም ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። ለቀረጻ ዝቅተኛውን የማይንጣጣ ባፈር ይያዙ። ቅልቅል (ሚክስ) ላይ በቀጥታ የሚጫወት ሰው ስለሌለ ባፈሩ 1,024 ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ዘፋኙ ራሱን መስማት ብቻ ከፈለገ ደግሞ ቀጥታ ማዳመጫውን መልሰው ያብሩለት፤ ድምፁ ኮምፒውተሩን ሳይነካ ከካርዱ ወደ ጆሮው ይደርሳል።