ለስንፈተ ወሲብ በሚወሰዱ ዕፅዋትና እንክብሎች ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «ከዕፅዋት የተገኘ ነገር አይጎዳም» ብሎ ማመን ነው። በካሜሩንና በጋቦን ደኖች ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ዮሂምቢን የልብ ምትን ያፋጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ፓፓቬሪን የተባለው ውሁድ ደግሞ የሚገኘው ኦፒየም ከሚመረትበት ተክል ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ሮናልድ ቪራግ በ1982 በብልት ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ብልትን እንደሚያቆም ያሳወቁ ሲሆን፣ መጠኑ ከበዛ ግን ለሰዓታት የማይበርድ ሕመም ያመጣል።

ሁለተኛው በላቦራቶሪ የታየን ውጤት በሰው ላይ እንደተረጋገጠ መቁጠር ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሚታወቀው ኤፒሚዲየም ከተባለ ተክል የሚወጣው አይካሪን የተባለ ውሁድ፣ ሲልዴናፊል (ቪያግራ) የሚያግደውን ፒዲኢ-5 የተባለ ኢንዛይም በእርግጥ ያግዳል፤ አቅሙ ግን ከሲልዴናፊል እጅግ ያነሰ ነው።

ከሁሉም አደገኛው፣ በእኔ ግምት፣ «የተፈጥሮ ማር» እየተባለ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ምርት ያለ ጥያቄ መዋጥ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 እንዲህ ባሉ የማር ምርቶች ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊልና እንደ እሱው ፒዲኢ-5ን የሚያግደውን ታዳላፊል የተባለ መድኃኒት እንዳገኘ አስታውቆ፣ ለሻጭ ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ጉዳቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሰውነት ለወሲብ ሲነቃቃ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቅና ሲጂኤምፒ የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል፤ ይህም የደም ሥሮችን ያላላል፤ ፒዲኢ-5 ደግሞ ሲጂኤምፒን ያፈርሳል፤ እንደ ሲልዴናፊል ያለው መድኃኒት ይህን አፍራሽ ያግዳል። ለደረት ውጋት ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም ያንኑ ሲጂኤምፒ ስለሚያበዛ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት ሊወድቅና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሲልዴናፊል ራሱ መጀመሪያ የተጠናው ለደረት ውጋት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ስለዚህ ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው፣ ማርም ይሁን እንክብል የወሰደውን ሳያፍር መናገር አለበት፤ ሐኪሙ ናይትሬት (እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለ መድኃኒት) ለመስጠት ከሲልዴናፊል በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት መጠበቅ ይኖርበታልና።

«አልሠራልኝም» ብሎ ወዲያው ሌላ መድገምም የተለመደ ነው። እንክብሉ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ መነቃቃት ከሌለ ናይትሪክ ኦክሳይዱም አይለቀቅም። ከዚህ ሌላ፣ ቅቤ የበዛበት ክትፎ በልቶ ሲልዴናፊል የዋጠ ሰው ውጤቱ አንድ ሰዓት ያህል ሊዘገይበት ይችላል፤ ታዳላፊል ላይ ግን ምግብ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሲልዴናፊል በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ከ4 ሰዓት በላይ የቆመ ብልት የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የመጨረሻው ምክንያቱን ሳይመረምሩ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መሄድ ነው። የብልት ደም ቧንቧዎች ከልብ ቧንቧዎች ስለሚጠቡ፣ የመጥበብ ችግር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው፤ ስኳርና የደም ግፊትም እንዲሁ ነርቭንና ቧንቧን ይጎዳሉ። እንግዲህ ከእንክብሉ በፊት የደም ስኳር፣ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት ምርመራ ማድረግ፣ እንደ ታምሱሎሲን ያለ የፕሮስቴት መድኃኒት የሚወስድም ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።