አሮጌ ትራክተር ሲገዙ የሞተሩን ጤንነት እንዴት መመርመር ይቻላል

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ያገለገለ ትራክተር ለመግዛት የሚነሳ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጎማውና ቀለሙ ላይ ነው። ጎማ ግን ዋጋው ታውቆ በአንድ ቀን የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ቀለም መቀባትም ቢሆን ከአንድ ቀን የማያልፍ ሥራ ነው። ግዢውን የሚያዋጣ ወይም የሚያከስር የሚያደርገው ሞተሩ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ድካሙን መደበቅ የማይችልባቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማረሻ ይዞ ለረጅም ጊዜ ከሠራ በኋላ በደንብ ሲግል ነው። ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳይዎት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ለብ ያለውንና ያለ ሥራ ቆሞ የሚያጉረመርመውን ሞተር ነው።

ለማሳያነት ሁለት ትራክተሮችን እንውሰድ። ማሴይ ፈርጉሰን 290 የተገጠመለት ሞተር ፐርኪንስ ኤ4.248 ነው፤ 4ቱ የሲሊንደሩን ብዛት፣ 248ቱ ደግሞ ይዘቱን በኪዩቢክ ኢንች ያመለክታል፣ ይህም ወደ 4 ሊትር ይሆናል። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ ዲ-240 የሚባለውን፣ ባለ 4 ሲሊንደርና 4.75 ሊትር የሆነውን ሞተር ይጠቀማል። በፐርኪንሱ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ላይነር በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ተጨምቆ የገባ ደረቅ ላይነር ሲሆን፣ በቤላሩሱ ግን የማቀዝቀዣው ውሃ የላይነሩን ውጪ በቀጥታ ይነካዋል፤ ከታች ውሃው ወደ ዘይት እንዳይወርድ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ይህ ልዩነት ዘይት ውስጥ ውሃ በሚገኝበት ጊዜ ወዴት መመልከት እንዳለብዎት ስለሚነግርዎት ከወዲሁ ይያዙት።

ሞተሩን ሳይነሳ ማግኘት

ቀጠሮ ሲይዙ፣ እርስዎ እስኪደርሱ ድረስ ሞተሩ እንዳይነሳ በግልጽ ይጠይቁ፤ በተቻለ መጠንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይድረሱ። እንደደረሱ ሰላምታው ሳያልቅ እጅዎን በሞተሩ ብሎክና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ሥር ያሳርፉ። ለብ ካለ ምርመራው ገና አልተጀመረም። አንድ ጊዜ ከአጎቴ ጋር ለግዢ ሄደን ብሎኩ ሞቆ ስናገኘው ሻጩ "ከብት የሚገባበት በር ዘግቶ ስለነበር ትንሽ ፈቀቅ አድርጌው ነው" አለን። አጎቴ ምንም ሳይከራከር ቡና እንጠጣ ብሎ ተቀመጠ፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶም ብሎኩ ስላልበረደ ነገ እንመለሳለን ብለን ተነሳን። በማግሥቱ ያ ትራክተር በራሱ ሞተሪኖ (ማስነሻ) መነሳት አቅቶት ሌላ ትራክተር ጎትቶ ነው ያስነሳው።

የቆመበትን ቦታም ልብ ይበሉ። ዘወትር አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ የሚያድር ትራክተር ባለቤቱ በሞተሪኖው ላይ እምነት የለውም ማለት ነው። ጥፋቱ የባትሪ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ አየር የመጨመቅ አቅሙ፣ የቀነሰ ሞተርም ልክ እንደዚሁ ቁልቁለት ይወዳል።

ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይሳቡና ዘይቱን በሁለት ጣትዎ መካከል ያሹት። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት መጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥዎት። የሚያስደነግጠው ወተት የተቀላቀለበት ቡና መምሰሉ፣ ናፍጣ ናፍጣ መሽተቱ፣ ወይም ከምልክቱ በላይ ሞልቶ መገኘቱ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሞተር ዘይቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርምና፣ ከጨመረ ወይ ውሃ ወይ ናፍጣ ገብቶበታል። ዘይቱ እንደ ማር የሚሳብ ከሆነ ደግሞ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ተጨምሮበት ይሆናል፤ ወፍራም ዘይት የላላውን ሞተር ድምፅ ያፍናል፣ ጭሱን ያሳንሳል፣ የዘይት ግፊት ማሳያውንም ከፍ ያደርጋል። ባለቤቱ ከፈቀደልዎት ከኮፓው (ከሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ) ሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ያላሉት፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወርዶ ከታች ይተኛል፣ ካለም ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው።

በቤላሩስ ላይ ውሃ ከተገኘ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የላይነሮቹ ጎማ ቀለበቶች ወይም በዝገት የተበሳ ላይነር ናቸው። በፐርኪንሱ ግን ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ ወደሚዘጋው ክፍል) እና በሥሩ ወዳለው ማሸጊያ፣ ወደ ጋስኬቱ፣ ያዘነብላል። ራዲያተሩን ከፍተው በውሃው ላይ የዘይት ቅባት ተንሳፍፎ እንደሆነም ይመልከቱ።

አቧራ የገባበት ሞተር

ብዙ ገዢዎች ሳይነኩት የሚያልፉት፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምንበት ፍተሻ የአየር ፊልትሮውን ይመለከታል። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ፊልትሮ ከታች ዘይት የሚያዝ ሳሕን አለው፤ አቧራው በዘይቱ ተይዞ እዚያ ይቀራል። ሳሕኑን ፈትተው ያውርዱት። ደርቆ ወይም እስከ አፉ ጭቃ ሞልቶት ካገኙት፣ ሞተሩ በእርሻ ወቅት ያልተጣራ አየር ሲስብ ከርሟል። ቀጥለው ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) በሞተሩ በኩል አላልተው ጣትዎን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ውስጥ ያስገቡና ዙሪያውን ያብሱ። ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ፣ ያ አፈር ፊልትሮውን አልፎ የመጣ ነው፤ ፋሻዎቹን (የፒስተን ቀለበቶቹን) እና ላይነሮቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሞርድ ቆይቷል ማለት ነው። ማኒኮቶው የተሰነጠቀ ከሆነም ውጤቱ አንድ ነው። ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀለም የተቀባ ሞተርም ይህን መደበቅ አይችልም።

በብርድ ማስነሳት

አሁን ባለቤቱ ያስነሳው፤ እርስዎ ግን ወደ ማርሚታው እየተመለከቱ ይቁሙ። በአየር ማስገቢያው በኩል ኤተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል የማስነሻ ርጭት) እንዳይነፉበት አስቀድመው ይንገሩ። የሁለቱም ሞተሮች የኮምፕሬሽን መጠን 16 ለ1 ሲሆን፣ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚሁ መጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ፣ ፋሻና ቫልቭ ሲያረጁ መጀመሪያ የሚከብደው የጠዋት አነሳስ ነው። ባትሪው ሞተሩን በፍጥነት እያዞረው ነጭ ጭስ ብቻ እየተፋ የማይነሳ ከሆነ፣ ናፍጣው እየደረሰ አልነድ ብሏል ማለት ነው።

ከተነሳ በኋላ የጭሱን ቀለም ይከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጭ ጭስ አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ከሆነ ግን ወይ ኮምፕሬሽን ቀንሷል፣ ወይ ኖዝሉ ናፍጣውን በትክክል አይረጭም፣ አለዚያም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣው ካለው አየር በላይ መሆኑን የሚገልጽ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ለደጋው ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣው ለዝቅተኛ ቦታ እንደተመጠነ ከመጣ በጭነት ጊዜ ጥቂት መጥቆሩ አይቀርም። ስለዚህ በደጋ አገር ጥቁር ጭስ ብቻውን ሞተሩን አያስጥልም፤ ሰማያዊው ግን በየትም አገር ያው ሰማያዊ ነው።

ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ገልብጠው በአፉ ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጡ ያለ ነው። ክዳኑ እየዘለለ የሚወድቅ፣ ከአፉም ጭስ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚወጣ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ጋዝ በፋሻዎቹ አጠገብ ሾልኮ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ይህ ሞተር ለእድሳት ሊወርድ ቀኑ ደርሷል።

የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ለማወቅ ከፈለጉ፣ መካኒክ ይዘው ከሄዱ እርሱ በየተራ የእያንዳንዱን ኖዝል የናፍጣ ቱቦ ዳዶ (ማሰሪያ) በጥቂቱ ያላላው። ጤነኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይደናቀፋል፤ የደከመው ሲቋረጥ ግን ምንም ለውጥ አይታይም። ሲያላሉት የሚጠፋ ወይም የሚቀንስ የመቀጥቀጥ ድምፅ ካለ፣ ችግሩ በዚያው ሲሊንደር ኖዝል ወይም ብሮንዚን (የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ የክራንክ ሻፍቱ፣ ማረፊያ) ላይ ነው። ከፖምፓው የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ የመግባት ኃይል ስላለው ማንም ሰው እጁን ወደዚያ አያስጠጋ፤ ዳዶውም በጨርቅ ተሸፍኖ ይላላ።

በማረሻ መፈተን

ቀጣዩ እርምጃ ሻጮች የማይወዱት ነው፤ ትራክተሩ ማረሻውን ይዞ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይረስ። ነዳጁን እርስዎ እችላለሁ ቢሉ ብዙ ጊዜ ክርክሩ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሙቀት ማሳያው ቀስ በቀስ ሳያቋርጥ የሚወጣ እንደሆነ፣ ራዲያተሩም ውሃ የሚተፋ እንደሆነ ይከታተሉ። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ አሮጌ የራዲያተር ክዳን ብቻውን ጤነኛ ሞተርን የታመመ ሊያስመስለው ይችላል፤ ቺንጋውን (የማራገቢያውን ቀበቶ) እና ክዳኑን ሳያዩ በቴስታታው ላይ አይፍረዱ።

ሞተሩ እንደጋለ የዘይት ግፊቱን ያንብቡ። ፐርኪንሱ በሙሉ ዙር ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት፤ ቤላሩሱ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ኪሎግራም በስኩዌር ሳንቲሜትር። ማሳያው የማይሠራ ከሆነ በሻጩ ቃል ሳይረኩ መካኒኩ የራሱን መለኪያ ይግጠምበት። ጠዋት በብርድ ከፍ ብሎ የነበረው ግፊት አሁን ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ፣ ብሮንዚኖቹና ክራንክ ሻፍቱ ተበልተዋል።

ከማሳው እንደወጡ ሞተሩን ያጥፉትና ጥቂት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ያስነሱት። ፐርኪንሱ ላይ በተለምዶ የሚገኘው ካቭ ዲፒኤ የተባለው የናፍጣ ፖምፓ ውስጡ ሲበላ፣ የጋለና የቀጠነ ናፍጣ መግፋት ያቅተዋል፤ ጠዋት በቀላሉ የተነሳው ትራክተር ቀትር ላይ አልነሳም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በፖምፓው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ።

ሰዓት ቆጣሪው ያነሰ ቁጥር ካሳየ ብዙ አይደሰቱበት። የድሮዎቹ ቆጣሪዎች የሚቆጥሩት የሞተሩን ዙር ስለሆነ በዝግታ የዋለ ሞተር ከእውነተኛው ሰዓት ያነሰ ያስመዘግባል፤ ኬብሉ ከተበጠሰ ደግሞ ለዓመታት በአንድ ቁጥር ላይ ይቆማል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ የተበላበትን መጠን ከቆጣሪው ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ለዚያ ሞተር የሚሆን ፒስተን፣ ፋሻ፣ ላይነርና ብሮንዚን ዛሬ ስንት እንደሆነ ከመለዋወጫ ሱቅ፣ የማውረዱንና የመግጠሙን ደግሞ ከመካኒክዎ ጠይቀው ድምሩን በወረቀት ይያዙ፤ ያዩት ምልክት ሞተሩ ይወርዳል የሚል ከሆነ ከሻጩ ዋጋ ላይ የሚቀንሱት ያንን ቁጥር ነው። የመጨረሻው ሥራ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር አቧራውን ጠርገው በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው፤ በአሮጌ ትራክተር ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ካልገጠመ የስም ዝውውሩ የሚቆመው ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ይሆናል።