በታሸገ የኬክ ዱቄት የሚሠራ ቀላል የማንጎና የአናናስ ጣፋጭ

የታሸገ የኬክ ዱቄት ገዝቶ በካርቶኑ ጀርባ የተጻፈውን አንድም ሳያጓድል የጋገረ የጎንደር ሰው፣ ምድጃው ውስጥ አምሮ ተነፍቶ የነበረው ኬክ ሲወጣ መሐሉ ለምን እንደሚሰረጉድ ሳይገረም አልቀረም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም ከዱቄቱ ጋር የተቀላቀለው ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን ገና ሳይጠና ከመጠን በላይ ይነፋውና ኋላ ይወድቃል። አሜሪካውያን «ደምፕ ኬክ» የሚሉት ጣፋጭ ግን ዱቄቱ ሳይቦካ፣ ደረቁን በፍራፍሬ ላይ ተነስንሶ የሚበስልና መነፋት የማይጠበቅበት በመሆኑ፣ ለከፍታችን የሚስማማው እርሱ ነው።

የሚያስፈልገው ወደ 430 ግራም የሚመዝን አንድ ካርቶን የቫኒላ ኬክ ዱቄት፣ ተልጦ የተመዘነ 500 ግራም ማንጎና 300 ግራም አናናስ፣ 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የውኃ ብርጭቆ ውኃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጥቂት ቀረፋ ነው። ዕንቁላል አይገባበትም። ማንጎው አፕል ማንጎ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሹ የሐበሻ ማንጎ፣ በእኔ ምላስ ጣዕሙ ቢበልጥም፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። በገበታ ቅቤ ፈንታ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤ ይሆናል፤ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረው ግን ለወጡ ይቀመጥ።

በአሜሪካ ይህ ጣፋጭ በአብዛኛው የሚሠራው ስኳር ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ የቆርቆሮ ፍራፍሬ ሲሆን፣ ደረቁን ዱቄት የሚያርሰው ያ ውኃ ነው። ትኩስ ፍራፍሬ ይህን ያህል ውኃ ስለሌለው ማካካስ ግድ ይላል። ፍራፍሬው በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ተከትፎ ከስኳሩና ከሎሚው ጋር ለ20 ደቂቃ ከተቀመጠና ጭማቂውን ካወጣ በኋላ፣ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ተገልብጦ ውኃው ይጨመርበታል፤ ቀረፋውም ይነሰነስበታል። ከዚያ ዱቄቱ በወንፊት እየተነፋ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይለብሳል። እዚህ ላይ ማማሰል ፈጽሞ አይገባም። እኔ በመጀመሪያው ቀን እጄ አላርፍ ብሎኝ ማንኪያ በመስደዴ ኬክም ገንፎም ያልሆነ ነገር አውጥቻለሁ።

ቅቤው ከብርድ እንደወጣ በስሱ ተቆርጦ፣ በተቻለ መጠን ክፍተት ሳይተው በዱቄቱ ላይ ይደረደራል፤ ቅቤም ጭማቂም ያልደረሰው ቦታ ነጭ ዱቄት እንደሆነ ይቀራልና። ትሪው አስቀድሞ እስከ 180 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ይገባል። በ30ኛው ደቂቃ ግድም ከፍቶ ማየት ይበጃል፦ ነጭ ቦታ ከታየ፣ ከትሪው ዳር እየተንፈቀፈቀ ያለውን ጭማቂ በማንኪያ ቀድቶ ማፍሰስ ወዲያው ያርሰዋል። በ50 ደቂቃ ገደማ ፊቱ የብስኩት መልክ ሲይዝና የዳሩ ጭማቂ ወፈር ብሎ ሲፈላ ደርሷል። ሥሩ ፍራፍሬ ስለሆነ ቢላ ሰክቶ መመልከት የሚነግረን ነገር የለም።

ምድጃ የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ሰው የድፎ ዳቦን ዘዴ ይጠቀማል፤ በትልቅ ድስት ሥር ሦስት ጠጠር አስቀምጦ፣ በዚያ ላይ አነስ ያለ ትሪ አድርጎ፣ ከታች ጥቂት፣ ከክዳኑ በላይ ደግሞ በርከት ያለ ፍም ያደርጋል። የታችኛው ፍም ከበዛ ስኳሩ ስለሚያር መጠንቀቅ ያሻል።

በጾም ወቅት ቅቤው በግማሽ ብርጭቆ ዘይት ይተካል፤ ሆኖም አንዳንዱ የኬክ ዱቄት የወተት ዱቄት ስላለበት ካርቶኑን አንብቦ መግዛት ይገባል። ዘይቱ በማንኪያ ጠብ ጠብ እየተደረገ በሁሉም በኩል ይዳረሳል። ጣፋጩ ከወጣ በኋላ ጭማቂው እንዲረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ለብ እንዳለ በማንኪያ እየተቆረሰ በሳህን ይቀርባል።