ሁለተኛ ቤታችሁን በኪሳራ ስትሸጡ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ሒሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ወደኔ የሚመጣው ቤቱን ከሸጠ በኋላ ነው። ከመሸጡ በፊት የመጣ በጣት ይቆጠራል። "ከስሬ ነው የሸጥኩት፣ የምን ግብር ነው?" ይላል። እውነቱን ነው፣ በኪሳራ ሽያጭ ላይ ግብር የለም። ችግሩ ኪሳራው ያለው ልቡ ውስጥ እንጂ ወረቀቱ ላይ አለመሆኑ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቤት ሲሸጥ የሚከፈለው ከትርፉ 15 በመቶ ነው። ትርፍ ማለት ከሸጣችሁበት ዋጋ ላይ ቤቱ የፈጀባችሁ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ክልላችን የራሱ አዋጅ ቢኖረውም አካሄዱ ያው ነው።

ውል ላይ ዋጋ ማሳነስ

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል።

አንዲት እህት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ገዛች። የከፈለችው 3 ሚሊዮን ብር ነው። ሻጩ "ውሉ ላይ 900 ሺህ እንበል፣ ላንቺም ይቀልልሻል" አላት። ደላላው "ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው" ብሎ አጀበው። እውነተኛው ዋጋ የሰፈረው በመንደር ውል ላይ ነበር። እሱም በኋላ የገባበት ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ እናቷ ታመሙባት፣ ገበያውም ቀዝቅዞ ነበር። በ2.4 ሚሊዮን ሸጠችው። የአሁኑ ገዢ በባንክ ብድር ስለሚገዛ ዋጋው እንዳለ ተጻፈ። 600 ሺህ ብር ከስራለች። ወረቀቱ ግን 1.5 ሚሊዮን አትርፋለች ይላል። 15 በመቶው 225 ሺህ ብር።

ያኔ ስትገዛ የቀረላት ምንድን ነው? የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ከተደበቀው 2.1 ሚሊዮን ላይ 42 ሺህ ብር ቢሆን ነው። ዋናው ተጠቃሚ ሻጩ ነው። የራሱን ግብር ከትከሻው አውርዶ እሷ ላይ ጫነው። እሷ ደግሞ አመስግናው ሄደች! ሐሰተኛ ዋጋ ማስመዝገብ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን እንኳ አላነሳሁም። "አብሽሪ" ልላት ፈልጌ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ወላሂ ያን ቀን ሻይ እንኳ አልወረደልኝም።

ስለዚህ ስትገዙ ሻጩ "ዝቅ እናድርገው" ካላችሁ ይህን አስሉለት፦ ዛሬ ከውሉ የጎደለችው እያንዳንዷ ብር ስትሸጡ የእናንተ ትርፍ ተብላ ትቆጠራለች።

ኪሳራውን ከሌላ ገቢ ላይ ለመቀነስ መሞከር

የቤት ኪሳራ የሚቻቻለው ከሌላ ቤት ወይም ሕንጻ ሽያጭ ትርፍ ጋር ብቻ ነው። ከደመወዝ አይቀነስም። ከኪራይ አይቀነስም። ከሱቅ ትርፍም፣ ከአክሲዮን ሽያጭም አይቀነስም። ሰኞ ገበያ የሚነግድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው "ኪሴ እኮ አንድ ነው!" አለኝ። ኪሱ አንድ ነው፣ የግብሩ ሠንጠረዥ ግን የተለያየ ነው። በዓመቱ ሌላ ቤት ካልሸጣችሁ ኪሳራው ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሻገራል። ለዚህም ነው "ከሰርኩ፣ በቃ" ብላችሁ ሳታስመዘግቡ እንዳትተዉት የምጨቀጭቀው።

"ኖሬበታለሁ" ማለት

ቢያንስ ለሁለት ዓመት የያዛችሁትና ሙሉ በሙሉ የኖራችሁበት የመኖሪያ ቤት ከዚህ ግብር ውጭ ነው። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ ሽሽት ቅዳሜና እሁድ ኮምቦልቻ መውረድ ግን መኖር አይባልም። የፊቷን ክፍል ለሱቅ አከራይታችሁ ከነበረም "ሙሉ በሙሉ" የምትለው ቃል ትይዛችኋለች። ደግሞ ነገሩ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ትርፉ ካልታየ ኪሳራውም አይታይም።

ደረሰኝ አለመያዝ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ሐይቅ ከተማ ትንሽ ቤት ነበረችኝ። ጣራዋን ቀየርኩ፣ አጥሯን እንደገና አስገነባሁ። ቤቱን ለማሻሻል የወጣ ገንዘብ በወጪው ላይ ይደመራል፣ ሲገዛ የተከፈለው ቴምብርም እንዲሁ። ይህን ለሰው እያስተማርኩ እኔ ለቆርቆሮው ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ጠፋብኝ ብዬ አልዋሽም። ያለ ደረሰኝ ሲሆን ስለረከሰልኝ ነው። ስሸጥ ከስሬ ነበር፣ ያን ኪሳራ ግን ወረቀት ላይ ማሳየት አልቻልኩም።

በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው የተጎዳባቸውም እዚሁ ላይ ይደናቀፋሉ። የደረሰው ጉዳት በራሱ የሽያጭ ኪሳራ አይደለም። ለጥገናው የወጣው ብር ግን በደረሰኝ ከተደገፈ ይቆጠራል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው

ለወንድም ወይም ለልጅ በርካሽ ሸጦ "ከሰርኩ" ማለት አያዋጣም። የገቢዎች ቢሮው የገበያውን ዋጋ ይጠይቃል።

ቤቱ የተገዛው በናንተ ገንዘብ ሆኖ ካርታው በወንድማችሁ ስም ከሆነ ኪሳራውም የወንድማችሁ ነው።

በሪያል ወይም በዶላር አታስሉ። ከሐምሌ 2016 በኋላ ብር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሪያል ከስራችሁ በብር ልታተርፉ ትችላላችሁ፣ ግብሩም የሚሰላው በብር ነው።

"ትርፍ የለኝም" ብሎ ገቢዎች ሳይሄዱ መቅረት ደግሞ የስም ዝውውሩን ያስቆማል። ያለ ክሊራንስ፣ ማለትም ግብር እንደሌለባችሁ ከሚገልጸው ወረቀት ውጭ፣ ካርታ አይዞርም፣ ገዢው በየቀኑ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

የደላላ ኮሚሽንም ወጪ ነው፣ ደረሰኝ ካለው። ደሴ ውስጥ ደረሰኝ የሚሰጥ ደላላ ያገኘ ሰው ካለ ለኔም ያስተዋውቀኝ።