ኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ማታ የት እንደምትሰኩት እወቁ

እዚህ ዲሲ አካባቢ አዲስ የመጣ ሰው ሥራ እንደያዘ «የትኛውን ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ?» ይለኛል። ዋጋውን ይነግረኛል፣ ፎቶውን ይልክልኛል። የት ቻርጅ ልታደርገው ነው ስለው ዝም።

መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ቤዝመንት ተከራይታችሁ ባለቤቱ ደጅ ያለውን ተራ ሶኬት ከፈቀደላችሁ ግማሹ ችግር አለቀ። ባለ 120 ቮልቱ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ማይል ቢሞላ ነው። ያዘግማል፤ ግን ሌሊቱን ከተሰካ ለብዙ ሰው ለሥራ ደርሶ መልስ ይበቃል። የመብራቱን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በኋላ ኩርፊያ አለ። አፓርትመንት ሆናችሁ መሰኪያ ከሌለ ግን በየጣቢያው ባለ ፈጣን ቻርጀር ልትኖሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱን እጥፍና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። «ቻርጀር በቅርቡ ይገባል» የሚል የሊዝ ቢሮ ወሬ በጽሑፍ ካልሰጧችሁ አትስሙት።

አሁን ወደ ሽወዳው። ያገለገለ ኒሳን ሊፍ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የ2015ቱ አዲስ እያለ በአንድ ቻርጅ 84 ማይል ይሄድ ነበር፣ ሻጭም ዛሬ ድረስ የሚጠራው ይህንኑ ቁጥር ነው። እኔን የሸወደኝ ሰውዬ ጥግ ድረስ ሞልቶ ጠበቀኝና «ፉል ነው፣ እየው» አለኝ። ፉልስ ፉል ነው፣ ግን የስንቱ ፉል? የባትሪው ጌጅ ላይ ከትልልቆቹ ጭረቶች ጎን፣ ቀኝ ጠርዙ ላይ፣ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ትልልቆቹ አሁን ያለውን ቻርጅ ያሳያሉ። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ባትሪው ራሱ ምን ያህል አቅም እንደቀረው። አዲስ ሲሆን 12 ናቸው። 8 ከቀሩ ባትሪው ከሦስት እጅ አንዱን አጥቷል፤ 84 የነበረው ወደ 55 ወርዷል ማለት ነው። ጃንዋሪ ላይ ሄተር ስትከፍቱ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ደለስ ኤርፖርት ደርሶ መልስ ወደ 60 ማይል ይጠጋል፣ አስሉት። መንገድ ላይ እሞላለሁ እንዳትሉ፤ ፈጣን መሰኪያው ቻዴሞ የሚባለው ነው፣ አዳዲስ ጣቢያዎች ላይ ብዙም አታገኙትም።

በተቃራኒው ደግሞ በቀን 25 ማይል እየነዳ «300 ካልሄደ አልገዛም» የሚል አለ። እሱም ለማይነካው ባትሪ ወር በወር ይከፍላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ2017 እስከ 2019 የተሠራ ሼቭሮሌ ቦልት ፈልጉ። አዲስ ሲሆን 238 ማይል ነበር፤ በእሳት ስጋት ሪኮል ተደርጎ (ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ጠርቶት) ባትሪው በአዲስ የተቀየረለት ካገኛችሁ እሰየው። በቪን ቁጥሩ፣ ማለትም በመኪናው መለያ ቁጥር፣ ሪኮሉ መዘጋቱን አረጋግጡ። ኡበር ልትሠሩ ከሆነ ግን ተዉት፣ የፈጣን ቻርጁ ፍጥነት 55 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚያበቃ ቆማችሁ ትውላላችሁ።

«መንግሥት 4,000 ዶላር ይመልስላችኋል» የሚል ደላላም አሁንም አልጠፋም። ያ የፌዴራል የታክስ ክሬዲት ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ይልቅ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ቤንዚን ስለማትገዙ ብለው ስታስመዘግቡ የሚጨምሩባችሁ ክፍያ አለ፣ እሱን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።