ስኳርና ዓይን፦ የሚከብደው መድኃኒቱ አይደለም

እናቴ ስኳር እንዳለባት ካወቀች በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኗን አልታየችም። ለምን ስንላት «ምን ሆኜ? ይኸው ክር በመርፌ አስገባ የለ?» ነበር መልሷ። እውነቷን ነው፣ ታይ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። ስኳር ሬቲና ላይ (ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ) ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች መጉዳት ሲጀምር አያምም፣ ብዥም አይልም። ብዥ ማለት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ገፍቷል።

ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ። ዓይነት ሁለት ስኳር (ብዙውን ጊዜ አዋቂዎችን የሚይዘው) ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ ይታይ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ዓይነት አንድ (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ከሆነ በሽታው ከጀመረ በአምስት ዓመት ውስጥ መታየት ይጀምር። ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ። መነጽር ቤት ገብቶ ፊደል ማንበብ ይህን አይተካም፤ የዓይን ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ውስጡ መታየት አለበት። ቀኑ እንዳይረሳ ከበዓል ጋር እሰሩት። እኛ ቤት ከመስቀል በኋላ ያለው ሳምንት የእማዬ ዓይን ሳምንት ነው።

ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስቸግራል። አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ እናትና አባት ደግሞ ቀጠሮ የሚያሳልፉት ልጆቼን ላስቸግር አልፈልግም ብለው ነው። ልጆች ሆይ፣ «ልምጣ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አይ፣ ሥራህን ሥራ» ነው የምትባሉት። «ሐሙስ ጠዋት እወስድሻለሁ» በሉና ጨርሱት።

ከሁሉ የከፋው ፍርሃት ነው። «እገሌ ሌዘር ተሠርቶ ታወረ» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ሌዘር፣ ማለትም ዓይንን በብርሃን ጨረር ማከም፣ በአብዛኛው የቀረውን እይታ ለማቆየት ነው እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደለም፤ ሰው ደግሞ እስኪጨልምበት ቆይቶ ይሄድና ሳይሻለው ሲቀር ጥፋቱ በሌዘሩ ይሳበባል። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ «ይሄ ሕክምና ያለኝን ለማቆየት ነው ወይስ የጠፋውን ለመመለስ?» ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌም ስሙ ያስፈራል፣ እኔም ስሰማ ሰውነቴ ነው የከበደኝ። ግን መጀመሪያ ዓይኑ ይደነዝዛል።

«የተጻፈ አይቀርም» ለሚሉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ትልቅ ጥናት፣ ዓይነት አንድ ስኳር ኖሯቸው ዓይናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ የዓይን ጉዳቱ የመጀመር ዕድል በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የደም ግፊትንም መቆጣጠር ዓይንን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቤታችን። ስኳሩ ተለክቶ ከፍ ባለ ቁጥር «ምን በልተሽ ነው?» ብለን የምንቆጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቁጥሩን ትደብቀናለች፤ እኛ ቤት ሆኗል። «ትናንት እንቅልፍ ወሰደሽ? መድኃኒቱ አላለቀም?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተከፋች፣ ምንም ነገር ካላስደሰታት፣ ይህንንም በክትትል ቀን ተናገሩ። የሚታከም ነገር ነው፣ ስንፍና አይደለም።

ድግስ ላይ ደግሞ «በሞቴ» አለ። ገበታ ላይ ቀርቦ እምቢ ማለት ከባድ ስለሆነ ለደጋሿ አስቀድማችሁ ደውሉላት። እናቴ «ስኳር አለብኝ» ስትል ማንም አይሰማትም ነበር፣ «ዓይኔን እየታከምኩ ነው» ስትል ግን ጉርሻው ቆመ። ኢንሱሊንም ሰው አየኝ ተብሎ አይዘለልም፤ ጓዳ ገባ ብሎ መወጋት ይቻላል።

ጸበል መጠመቅና መድኃኒት አይጣሉም። ኢንሱሊን ግን አታቁሙ። ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ከዚያ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኹን። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ዓይናችሁ ላይ ከተንሳፈፈ፣ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰላችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ነገም አትበሉ። በዚያው ቀን ዓይን ሕክምና ወዳለበት ሂዱ።